በውትድርና የሚያገለግሉ ወንዶችን ጤና ለማጥናት፦ በሥራ ላይ ያለውን ወታደር ወይስ የተሰናበተውን መጠየቅ?

ጠያቂ፦ ጤና መኮንን ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት እያገለገልኩ፣ ጎን ለጎን በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪዬን እከታተላለሁ። ለመመረቂያ የመረጥኩት ርእስ በውትድርና የሚያገለግሉ ወንዶች ጤናና ደኅንነት ነው። ወደ እኛ ከሚመጡት ጎልማሳ ወንዶች ጥቂት የማይባሉት በአንድ ወቅት ወታደር የነበሩ ሲሆኑ፣ በካርዳቸው ላይ የሚሰፍረው ግን ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ የወገብና የጉልበት ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። አገልግሎታቸው ከሕመማቸው ጋር ግንኙነት ይኑረው አይኑረው የሚጠይቃቸው የለም፤ ቅጹም ለዚህ የተተወ መስመር የለውም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ በሥራ ላይ ላሉ ወታደሮች መጠይቅ ማስሞላት ነበር። አማካሪዬ ግን ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ከትምህርት ዘመኑ በላይ ጊዜ እንደሚወስድ ገልጸውልኝ፣ በምትኩ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በኮዬ ፈጬ የሚኖሩ የተሰናበቱ ወታደሮችን እንድጠይቅ መክረውኛል። ለመጠቀም ያሰብኳቸው መሣሪያዎች ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ (ፒኤችኪው-9)፣ 20 ጥያቄ ያለው የድኅረ አደጋ ጭንቀት መጠይቅ (ፒሲኤል-5) እና የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው የአልኮል አጠቃቀም መጠይቅ (ኦዲት) ናቸው። የናሙናው መጠን 423 ነው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው፦ ከተሰናበቱት የማገኘው ውጤት በአገልግሎት ላይ ስላሉት ሊናገር ይችላል? ካልቻለስ ርእሱን መቀየር ይኖርብኛል ወይስ ዘዴውን?

መልስ 1፦ የዘዴ መምህር ከለቡ

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ “አይችልም” ነው። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ የጥናትዎ ዋና ጉዳይ እዚያው ውስጥ ስላለ።

ወደ ሠራዊት የሚገባ ወጣት ተመርምሮ፣ ጤነኛነቱ ተረጋግጦ ነው የሚገባው። ከገባም በኋላ ሥልጠናውን ያልቻለው ይመለሳል፣ የታመመው ወደ ቀላል ሥራ ይዛወራል ወይም ይሰናበታል። ስለዚህ በማንኛውም ቀን በሰልፍ ላይ የሚገኙት ወንዶች በማጣሪያ ላይ ማጣሪያ ያለፉ ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ጤነኛ ሆነው መታየታቸው የወታደራዊ ኑሮን ጤናማነት አያረጋግጥም። የዘርፉ ተመራማሪዎች ይህን “የጤነኛ ወታደር ውጤት” ይሉታል። በተቃራኒው ከተሰናበቱት መካከል ዘመኑን ፈጽሞ በሰላም የወጣ፣ ቆስሎ የወጣ፣ በሕመም የተቀነሰ፣ ኑሮው አልስማማ ብሎት የለቀቀ ሁሉም ተቀላቅለው ይገኛሉ። አንዱን ወገን ብቻ የጠየቀ ሰው ችግሩን አሳንሶ ያያል፤ ሌላውን ብቻ የጠየቀ ደግሞ አግዝፎ ያያል።

ይህ በአኃዝ ምን እንደሚመስል ከብሪታንያ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የሚገኝ የወታደራዊ ጤና ምርምር ማዕከል በኢራቅና በአፍጋኒስታን ዘመን ያገለገሉትን ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ውጤት የድኅረ አደጋ ጭንቀት ምልክት የታየባቸው በጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ነበሩ። በተዋጊነት ዘምተው በኋላ ሠራዊቱን ከለቀቁት መካከል ግን ቁጥሩ 17 በመቶ ደርሷል። እንደነዚሁ በተዋጊነት ዘምተው በአገልግሎት ላይ የቆዩት ከአጠቃላዩ አማካይ እምብዛም አልራቁም። ሁሉም የዘመቱት ወደ እነዚሁ ጦርነቶች ሆኖ ሳለ፣ የተጠየቁት የት ሆነው እንደሆነ ብቻ ውጤቱን በዚህ መጠን ለያይቶታል።

በአገራችንም ማን እንደተጠየቀ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመና 72,000 ያህል ምልምል ወታደሮችን ያካተተ የኤች አይ ቪ ጥናት ከከተማ በመጡት ላይ 7.2 በመቶ፣ ከገጠር በመጡት ላይ 3.8 በመቶ ስርጭት አሳይቷል። ብዙዎች ይህን “የወታደሩ የኤች አይ ቪ ስርጭት” ብለው ሲጠቅሱት እሰማለሁ። ጥናቱ ግን የተሠራው ገና ሊገቡ በመጡ ወጣቶች ላይ ስለሆነ፣ የሚናገረው ስለመጡበት ገጠርና ከተማ እንጂ ስለ ካምፕ ሕይወት አይደለም። ትልቅነቱን የሚያህል ጠቀሜታም ያገኘው ለዚሁ ነው፤ በዚያ ዘመን ስለ ገጠር ወንዶች እንዲህ ያለ መረጃ ከሌላ ቦታ ማግኘት አዳጋች ነበር።

ሁለተኛው ችግር ትዝታ ነው። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው የደርግ ሠራዊት አባል ዛሬ ቢያንስ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት የዘመተው ደግሞ ወደዚያው እየተቃረበ ነው። “በግዳጅ ላይ ምን ገጠመዎት?” ብለው ሲጠይቁት የሚያገኙት መልስ ዛሬ በሚሰማው ስሜት የተቃኘ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተመለሱ 59 አሜሪካውያን በአንድ ወርና በሁለት ዓመት ልዩነት ስለገጠማቸው ነገር ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላቸው፣ 88 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንዱ ላይ መልሳቸውን ቀይረዋል። በሁለት ዓመት ይህ ከሆነ በሠላሳ ዓመት የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። አሜሪካውያኑ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ “የሚሌኒየም ኮሆርት” የተባለውን ጥናት ዘርግተው ከ200,000 በላይ ሰዎችን ገና በአገልግሎት ላይ ሳሉ መዝግበው የሚከታተሉት የኋላ ትዝታን ላለመለመን ነው። እርስዎ ግን የአንድ ሰው በጀትና የአንድ ዓመት ጊዜ ነው ያለዎት።

ስለ 423 አንድ ቃል ልበል። በአገራችን የመመረቂያ ጥናቶች ዘንድ ችግሩ በ50 በመቶው ላይ አለ ተብሎ ተገምቶ የሚወጣው 384፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ተጨምሮበት 423 የሚሆነው ቁጥር ርእሱ ምንም ይሁን ምን አይጠፋም። ቀመሩ የሚሠራው ግን ከታወቀ መዝገብ ላይ በዕጣ መምረጥ ሲቻል ነው። እርስዎ የተሰናበቱ ወታደሮች መዝገብ በእጅዎ ካልኖረ፣ አንዱ ሌላውን እየጠቆመ የሚያገኟቸው 423 ሰዎች ትክክለኛነት አይጨምሩልዎትም።

ስለዚህ ርእሱን “በደቡባዊ የአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች ጤና” ብለው አጥብበው፣ በዚያው ሰፈር የሚኖሩ፣ በዕድሜ የሚመጣጠኑና ወታደር ሆነው የማያውቁ ወንዶችን ለንጽጽር ቢጨምሩ ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል። የተለያየ ዘመን ተሰናባቾችንም በአንድ ከረጢት አይክተቷቸው።

መልስ 2፦ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

ልጄ፣ እኔ የጥናት ሰው አይደለሁም፤ ሃያ ዓመት ያህል በእግረኛና በመድፈኛ ክፍል ያገለገልኩ፣ አሁን በቃሊቲ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። መምህሩ የጻፉትን አንብቤ ተስማምቻለሁ፤ ከወታደሩ በኩል ሆኖ የሚታየውን ግን ልጨምርልሽ።

በሥራ ላይ ያለ ወታደር ስለ ጤናው ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚያስበው ከመልሱ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ለሰላም ማስከበር ልንሄድ ምርመራ በሚደረግበት ጊዜ ጆሮው የማይሰማው “እሰማለሁ” ይል ነበር፤ ወገቡ የተቆረጠው ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ግዳጁ ለቤተሰብ ጎጆ የሚያስቀልስ ገንዘብ ያለበት ስለሆነ ማንም በአንድ የራስ ምታት ሊያጣው አይፈልግም። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከባድ ሥራ የመረረው ሰው ያልታመመውን ሲያሳምም አይቻለሁ። ሁለቱም ሰው ናቸውና አልፈርድባቸውም፤ አንቺ ግን ሁለቱንም እንደ እውነተኛ መልስ መዝግበሽ እንዳትሄጂ።

ሌላው የፈቃድ ጉዳይ ነው። የሻምበሉ አዛዥ ጦሩን ሰብስቦ “ይቺ እህታችን ለትምህርቷ የምትጠይቃችሁን ሙሉላት” ካለ አንድም ሰው እምቢ አይልም። ሁሉም ይሞላል፣ ሁሉም ደኅና ነው። ወረቀቱ ላይ “ስም አይጻፍም” ቢባልም ወታደር የእጅ ጽሑፉ እንደሚታወቅ ያምናል። አማካሪሽ ወደ ተሰናባቾች መምራታቸው በእኔ አስተያየት ለጊዜ ሲባል ብቻ ሳይሆን ለእውነቱም ሲባል መልካም ነው፤ የተሰናበተ ሰው የሚያጣው ሹመት የለውም።

ነገር ግን በቀበሌ በኩል እንዳትመጪ። ከቀበሌ ሰው ጋር የመጣ ጠያቂ ርዳታ ሊያድል ነው ወይም ሊመዘግብ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ርዳታ የጠበቀው ሕመሙን ያበዛል፤ ምዝገባ የፈራው ወታደር እንደነበረ ራሱን ይክዳል። በዕድር ሊቀመንበር ወይም በሚታወቅ ሽማግሌ በኩል መግባት ይሻላል። ነጭ ጋውንሽንም አውልቂ፤ ስለ አረቄና ስለ ጫት ጋውን ለለበሰ ሰው እውነቱን የሚናገር ወንድ በእኛ ሰፈር አላውቅም።

በመጨረሻ ስለ ጭንቀት ብቻ አትጠይቂ። ከእኔ ጋር ካገለገሉት የሚበዙት ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው ይኖራሉ። ልዩነት የሚያመጣው ጡረታ ያለውና የሌለው መሆኑ፣ ሲመለስ ቤት ጠብቆት እንደሆነ፣ ከድሮ ጓዶቹ ጋር መገናኘቱ ነው። አካልን ካነሣሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጆሮን ጠይቂ። መድፍ ላይ የነበርነው ሁላችንም ቴሌቪዥን እያስጮህን ጎረቤት የምናስመርር ነን፤ ይህ የሚቆጠረው ግን እንደ እርጅና እንጂ እንደ አገልግሎት ጉዳት አይደለም።

መልስ 3፦ የአእምሮ ጤና ነርስ ከሰበታ

ሃምሳ አለቃ የተናገሩት ከልምድ ቢሆንም በምርምርም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከግዳጅ ተመልሰው የግዴታ የጤና ምርመራ ቅጽ የሞሉ የአንድ ብርጌድ ወታደሮች፣ ስማቸውን ሳይገልጹ እንደገና ሲጠየቁ ድባቴን፣ የድኅረ አደጋ ጭንቀትንና ራስን የማጥፋት ሐሳብን ከሁለት እስከ አራት እጥፍ አብዝተው ተናግረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሌላ ጥናትም ምልክቱ ካለባቸው መካከል እርዳታ የፈለጉት ከ23 እስከ 40 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ “ደካማ ተብዬ እታያለሁ” የሚለው ፍርሃትም የበረታው ይበልጥ በታመሙት ላይ እንደሆነ አሳይቷል።

በመሣሪያዎቹ ምርጫ ላይ ግን አንዳንድ አስተያየት አለኝ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ተቀባይነት ያገኘ ስለሆነ እርሱን ይያዙ። የድኅረ አደጋ ጭንቀት መጠይቁ በአንጻሩ ሰውየውን በጣም የከፋበትን አጋጣሚ አስታውሶ በዚያ ላይ 20 ጥያቄ እንዲመልስ ይጠይቃል። ይህን በሰው ግቢ፣ ልጆች በሚመላለሱበት፣ ብቻዎን ሆነው ሲያደርጉት የከፈቱትን ቁስል ዘግተው የሚወጡበት መንገድ ያስፈልግዎታል። ለእኔ ቢሆን ይህን መጠይቅ እተወዋለሁ።

የምተወው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። መምህሩ የጠቀሱት የለንደኑ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ውጤት፣ ከ9,990 ተሳታፊዎች መካከል የድኅረ አደጋ ጭንቀት ምልክት የታየባቸው 4 በመቶ ሲሆኑ፣ አልኮልን ለጉዳት በሚያደርስ መጠን የሚጠጡት 13 በመቶ፣ እንደ ድባቴና ጭንቀት ያሉ የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞች ምልክት ያለባቸው ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሕዝቡም ሚዲያውም ስለ ወታደር ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው የጦርነት ቅዠት ነው፤ ወደ ክሊኒካችን የሚመጣው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ያጣ፣ ጨጓራዬ ነው የሚል፣ ማታ ማታ የሚጠጣ ሰው ነው። የእርስዎ ካርዶችም የሚናገሩት ይህንኑ ይመስለኛል። እርግጥ የብሪታንያን መጠጥ ቤት ከአረቄ ቤታችን ጋር አላመሳስልም፤ ጫትም በእነርሱ መጠይቅ ውስጥ የለም፤ በእርስዎ ግን መኖር አለበት።

ከምንም በላይ የማሳስበው የድባቴ መጠይቁ ዘጠነኛ ጥያቄ ነው። ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው እርሱ ነው። “አዎ” የሚል ሰው ሲያጋጥምዎት ወረቀቱን አጥፈው ወደሚቀጥለው ቤት መሄድ አይችሉም። በዕለቱ የሚያነጋግረው የሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያዎ ማን እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ማን እንደሚያደርሰው፣ ትራንስፖርቱን ማን እንደሚችል በፕሮፖዛሉ ውስጥ ጽፈው ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ያቅርቡ።

የመጠይቁን ጥቅም ሲያስረዱም አያጋንኑ። በብሪታንያ ከአፍጋኒስታን በተመለሱ ከ10,000 በላይ ወታደሮች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በዕጣ የተከፈለ ሙከራ፣ በመጠይቅ ለይቶ ምክር መስጠት ብቻውን የአእምሮ ጤናቸውንም ሆነ እርዳታ ፍለጋቸውን እንዳላሻሻለ አረጋግጧል። ስለዚህ በስምምነት ቅጹ ላይ “ይህ ጥናት ይጠቅምዎታል” ብሎ መጻፍ አግባብ አይመስለኝም።

ጠያቂ፦ ጤና መኮንን ከቱሉ ዲምቱ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሃምሳ አለቃ፣ ጋውኑን አወልቃለሁ፤ የዕድሩንም ምክር ተቀብያለሁ።

ከአማካሪዬ ጋር ተወያይቼ ርእሱን በዳርቻው ወደሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች አጥብበነዋል፤ ወታደር ሆነው የማያውቁ እኩዮቻቸውም ለንጽጽር ይካተታሉ። የድኅረ አደጋ ጭንቀት መጠይቁ ወጥቶ በምትኩ የመስማት ምርመራ ገብቷል፤ ምክንያቱም የጆሮ ልኬት የሰውየው የመናገር ፈቃደኝነት እምብዛም አይለውጠውም። አንድ የመስማት መለኪያ መሣሪያ በውሰት ማግኘት ይቻላል። የቀረኝ ጥያቄ ስለ አገልግሎታቸው ምን ያህል መመዝገብ እንዳለብኝ ነው፦ የክፍለ ጦር ስም፣ የዘመቱበት ቦታና ማዕረግ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

መልስ 4፦ የዘዴ መምህር ከለቡ

ሦስቱም ይቅሩ። ክፍለ ጦር፣ ቦታና ማዕረግ ተደምረው በአንድ ሰፈር ውስጥ አንድን ሰው ያለ ስሙ ያሳውቁታል፤ ከዚያም በላይ የእርስዎ ጥናት የማይፈልገው ወታደራዊ መረጃ ነው። የሚያስፈልግዎት የዕድሜ ክልል፣ የአገልግሎት ዓመት ክልልና የሥራው ዓይነት ነው፦ እግረኛ፣ መድፈኛ፣ ታንከኛ፣ ሾፌር፣ ሕክምና፣ ጽሕፈት ቤት። ለጆሮው ጥናት የሚበጀው ይህ የሥራው ዓይነት ነው። የጦር መሣሪያ ተኩስ ድምፅ ለጆሮ አደገኛ ተብሎ ከሚወሰደው 140 ዴሲቤል በላይ ስለሚሆን፣ መድፈኛው ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የባሰ ሆኖ ከተገኘ ጉዳቱ ከአገልግሎቱ መምጣቱን የሚደግፍ ጥሩ ማስረጃ ይኖርዎታል። ሁሉም እኩል ከሆኑ ግን ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። በድምፅ ብዛት የተጎዳ ጆሮ ብዙውን ጊዜ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ጎልቶ ስለሚወድቅ፣ መለኪያው ያንን ድግግሞሽ መፈተሽ እንደሚችል ከመዋስዎ በፊት ያረጋግጡ።

በእርስዎ አካባቢ በተለይ የሚያስጨንቀኝ ፋብሪካው ነው። አቃቂ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካ ሰፈር ሆኖ የኖረ ነውና ያልዘመተው ጎረቤት ዕድሜውን በሽመና ማሽን አጠገብ አሳልፎ ሊሆን ይችላል፤ ወታደሩም ከተሰናበተ በኋላ እዚያው ገብቶ ሠርቶ ይሆናል። ይህን ካልጠየቁ የማሽኑን ጉዳት ለመድፉ፣ የመድፉን ለማሽኑ ይሰጡታል። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን በየትኛው ሥራ ስንት ዓመት እንደሠሩ ሙሉ የሥራ ታሪክ ይውሰዱ። ቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን መርፌ የተወጉ መኖራቸውንም ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ራሱ ጆሮን ይጎዳልና።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን መዝግቦ ለዓመታት ተከታትሏል። በአካባቢው ሰዎችን በየጊዜው እየተመለሱ ማጥናት እንደሚቻል ያ ሥራ አሳይቷል፤ የእርስዎን ተሳታፊዎች ወደፊት ሌላ ተማሪ እንዲመለስባቸው ከፈለጉ፣ የመልሶ መገኘት ፈቃድ የሚጠይቅ አንድ መስመር በስምምነት ቅጹ ላይ ከአሁኑ ያስገቡ። ስምና ስልክ የሚጻፍበት ወረቀት ከመጠይቁ ተለይቶ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። የጤና መረጃን እንደ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ የሚቆጥረው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህን ሳይጠይቅዎት አያልፍም።